«ፖሊሲው አልሠራም» ከሚለው እስከ «ከዱን» ድረስ፦ ፀረ ሙስሊም ጽንፈኝነትና የሚዲያ ቋንቋ በአውሮፓ

ጁላይ 22 ቀን 2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰዎችን የገደለው ሰው የእስልምና ጠላት ነኝ ባይ ነበር። ሆኖም ወደ መስጊድ አልሄደም። በመጀመሪያ ኦስሎ መሐል የሚገኘውን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ 950 ኪሎ ግራም በሚሆን፣ ከማዳበሪያ በተሠራ የመኪና ቦምብ አፈንድቶ 8 ሰዎች ገደለ። ከዚያ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ወደ ኡቶያ ደሴት ተሻገረና ያኔ አገሪቱን ይመራ በነበረው የሌበር ፓርቲ የወጣቶች ካምፕ የነበሩ 69 ሰዎችን በጥይት ጨረሰ። የደሴቲቱ ሟቾች አብዛኞቹ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡም ነበሩባቸው፤ ለሞት ያበቃቸው ግን የፓርቲው ወጣቶች መሆናቸው ነው።

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የገዳዮቹን ስም ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሚገድልባቸው ምክንያቶች አንዱ ስሙ እንዲጠራለት ነውና።)

ሙስሊም የሚጠላ ሰው የገዛ አገሩን ፓርቲ ወጣቶች ለምን ይገድላል? «እብድ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቀልላል። ፍርድ ቤቱ ግን እንዲህ አላለፈውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በኖቬምበር 2011 ስኪዞፍሬኒያ አለበት አሉ፤ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች በኤፕሪል 2012 የለበትም አሉ። ዳኞቹ ኦገስት 24 ቀን 2012 ሁለተኛውን ወገን ተቀብለው ለድርጊቱ ተጠያቂ ነው ሲሉ ወሰኑ፤ አደገኛነቱ እስካልቀረ ድረስ ሊራዘም የሚችል የ21 ዓመት እስራትም ፈረዱበት። ለውሳኔው ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ለሐኪም የቅዠት ወሬ የሚመስለው አነጋገሩ የእሱ ፈጠራ አልነበረም። ብዙ ሰዎች በአደባባይ ሲጽፉት የኖሩት ነው።

ከፍንዳታው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ለ1,000 ያህል የኢሜይል አድራሻዎች የላከው ጥራዝ ከ1,500 ገጽ ይበልጣል። አብዛኛው ከፀረ እስልምና ብሎጎች የተገለበጠ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው አንድ ክፍል ደግሞ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለዓመታት አሜሪካን ካሸበረው የደብዳቤ ቦምብ ገዳይ ጽሑፍ የተወሰደ ሲሆን፣ «ግራ ዘመም» የሚለው እየተነቀለ በቦታው «የባህል ማርክሲስት» እና መሰሎቹ ገብተዋል። ጠላቱ ተቀየረ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ቀረ። የጽንፈኛ ጽሑፍ አሠራር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሌላው ያዘጋጀውን ክስ ተረክቦ የተከሳሹን ስም መለወጥ።

ትረካው ከምን ተሠራ?

አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ቁጥር ነው፦ «እየበዙ ነው»። ሁለተኛው የመጡትን ሰዎች ሁሉ እንደ አንድ ሠራዊት መቁጠር ነው፤ ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ተማሪው ሁሉ የአንድ ዕቅድ አስፈጻሚ ይሆናሉ። ሦስተኛው ክህደት ነው፦ «የራሳችን መሪዎች እያወቁ አስገቧቸው»። አራተኛው ቀነ ገደብ ነው፦ «ከዚህ በኋላ ጊዜ የለም»። የኖርዌዩ ገዳይ የድል ዓመት አድርጎ የጠራው 2083ን ነው፤ ኦቶማኖች ቪየና ላይ የተሸነፉበት የ1683ቱ ውጊያ 400ኛ ዓመት መሆኑ ነው።

መርዙ ያለው በሦስተኛው ክፍል ነው ብለን እናምናለን። «ስደተኛ በዛ፣ ቁጥሩ ይቀነስ» የሚል ሰው ፖለቲካዊ አቋም ይዟል፤ በምርጫ ሊያሸንፍም ሊሸነፍም ይችላል። «ሆን ብለው ሸጡን» ሲል ግን ከምርጫ ሜዳ ወጥቷል፤ ከሃዲን በድምፅ መስጫ ካርድ የሚቀጣ የለምና። ኡቶያ የተመረጠችው በዚህ ሒሳብ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሙስሊሙ ሁለተኛ ጠላት ሲሆን፣ አንደኛው በር ከፋቹ ነው።

የዚህ ክስ የታወቀው መልኩ «ዩሬቢያ» ይባላል። እንደ ትረካው ከሆነ የአውሮፓ መሪዎች ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ከአረብ መንግሥታት ጋር በምስጢር ተዋውለው፣ ነዳጅና ንግድ አግኝተው አህጉሪቱን አሳልፈው ሰጥተዋል። በእርግጥ «የአውሮፓ-አረብ ውይይት» የሚባል የዲፕሎማሲ መድረክ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነበር፤ ስብሰባ አካሂዷል፣ መግለጫ አውጥቷል፣ ይህ ነው የሚባል ውጤት ሳያመጣ ተዳክሟል። የሴራ ትረካ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሚስማር ይፈልጋል፤ የሚሰቅልበት ሲያገኝ የፈለገውን ያህል ከባድ ውሸት ያንጠለጥላል። በፈረንሳይ የተሰየመው «ታላቁ መተካት» ደግሞ ነዳጁን ትቶ የሕዝብ ቁጥሩን ይይዛል። ማርች 15 ቀን 2019 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎችን የገደለው አውስትራሊያዊ ያነሳው ይህንኑ ነው።

ክርክሩ የቱ ጋ ይደናገራል?

«መልቲካልቸራሊዝም» ወይም ብዝኃ ባህል ሲባል ቢያንስ ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ያለ የነበረ ሐቅ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ቋንቋና እምነት ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ሌላው የመንግሥት ፖሊሲ ነው፤ ባህሎችን በይፋ ማወቅ፣ ማኅበሮቻቸውን መደጎም፣ በትምህርት ቤትና በደንብ ልብስ ላይ ማስተካከያ ማድረግ። ካናዳ በ1971 ፖሊሲዋ አደረገችው፣ በ1988 ሕግ አወጣችለት። ስዊድን በ1975 ተከተለች። ፖሊሲን «አልሠራም» ማለት ይቻላል። የጎረቤትን መኖር ግን «አልሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? ተናጋሪው ስለ ፖሊሲው ሲያወራ አድማጩ ስለ ጎረቤቱ ይሰማል፤ አንዳንድ ተናጋሪም ይህን አውቆ ይጠቀምበታል።

የያኔዋ የጀርመን መሪ አንጌላ ሜርክል ኦክቶበር 16 ቀን 2010 ፖትስዳም ላይ ለፓርቲያቸው ወጣቶች «ሙልቲኩልቲ» ፈጽሞ ከሽፏል ማለታቸው ዓለምን ዞረ። ነገር ግን ጀርመን ፖሊሲውን መቼ ሞክራው ነው የከሸፈው? በ1961 ከቱርክ ጋር የተፈራረመችው ለጊዜው ሠርተው ለሚመለሱ «እንግዳ ሠራተኞች» ነበር። እስከ 2000 ድረስ እዚያው የተወለደ ልጃቸው እንኳ በመወለዱ ብቻ ዜግነት አያገኝም ነበር። የከሸፈው «ይሄዳሉ» የሚለው ተስፋ ነው። ሜርክል ራሳቸው በዚያው ንግግር፣ እዚህ አይቆዩም፣ ይሄዳሉ እያልን ራሳችንን ስናታልል ነበር ብለዋል፤ ርዕስ የሆነው ግን ይህ አልነበረም። የያኔው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2011 ሙኒክ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ፤ እስልምናን እንደ ሃይማኖት ከጽንፈኝነት ለይተው ማስቀመጣቸው ግን በዜናው እምብዛም ቦታ አላገኘም። በዚያው ቀን ፀረ እስልምናው የእንግሊዝ መከላከያ ሊግ ሉተን ከተማ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ከቀናት በኋላ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ ደገሙት። ኡቶያ የተከተለው በዚሁ ዓመት በጁላይ ነው። ከእነዚህ ንግግሮች የትኛውም ግድያውን አላመጣም፤ ገዳዩ ለዓመታት ሲዘጋጅ ነበርና። ነገር ግን ጽንፈኛው «እነሱም አመኑ» የሚልበት ዓረፍተ ነገር አገኘ።

እዚህ ላይ ተቺዎቹንም በሐቅ መስማት ያስፈልጋል። በ2001 በእንግሊዝ ከተሞች በብራድፎርድ፣ በኦልድሃምና በበርንሊ ረብሻ ከተነሳ በኋላ የቀረበው ይፋዊ ሪፖርት፣ ነጮችና እስያውያን በአንድ ከተማ ሳይገናኙ «ጎን ለጎን» እንደሚኖሩ ተናግሯል። ከዚህም የሚከብደው የሌላዋ የእንግሊዝ ከተማ የሮዘራም ጉዳይ ነው። በኦገስት 2014 የወጣው የፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ሪፖርት እንደሚለው ከ1997 እስከ 2013 በትንሹ ሲገመት 1,400 ሕፃናት የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከታወቁት አጥፊዎች አብዛኞቹ የፓኪስታን ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ አንዳንድ ሠራተኞች «ዘረኛ» እንዳይባሉ ፈርተው ይህን ለመናገር አመንትተዋል። ይህን የደበቀ ሚዲያ ጽንፈኞችን አላቆመም፤ «ብቸኛው እውነት ተናጋሪ እኔ ነኝ» የሚሉበትን ዕድል ሰጣቸው እንጂ። ትክክለኛው ዘገባ አጥፊውን፣ የተኛውን ፖሊስ፣ የፈራውን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በየስሙ ይጠይቃል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከእነዚህ ሰዎች አልፎ ሚሊዮኖችን በጅምላ ሲከስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ስሕተት በብዛት የሚሠራው ጥቃት ከደረሰ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ስሕተቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል። የኦስሎው ቦምብ የፈነዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ወዲያው በአንድ የጂሃዲስት መድረክ ላይ ማንም የማያውቀው ቡድን ኃላፊነት ወሰደ የሚል ጽሑፍ ታየ፤ አንድ አሜሪካዊ ተንታኝ በትዊተር አሰራጨው፤ ከዚያ ኒውዮርክ ታይምስን ጨምሮ ትልልቅ ሚዲያዎች ተቀባበሉት። ጸሐፊው ቃሉን ሲያነሳ ወሬው ከእጅ ወጥቷል። የእንግሊዙ ዘ ሰን በማግስቱ ቀደምት እትሙ የፊት ገጹ ላይ ጭፍጨፋውን ከአልቃይዳ ጋር አያይዞ «የኖርዌይ 9/11» አለው። ተጠርጣሪው ኖርዌያዊ መሆኑ ግን የታወቀው በጥቃቱ ዕለት ምሽት ነበር። በመሐሉ ኦስሎ ውስጥ ሙስሊም የሚመስሉ ሰዎች መንገድ ላይ እየተሰደቡ ነበር።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2017 ኩቤክ ከተማ መስጊድ ውስጥ 6 ሰጋጆች ሲገደሉም እንዲሁ ሆነ። ለቆሰሉት ሲደርስ የነበረ የሞሮኮ ተወላጅ ተማሪ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲያይ ስለሮጠ ፖሊስ ያዘው፤ ስሙም እንደ ተጠርጣሪ ዓለምን ዞረ። ምስክር ብቻ እንደነበረ ከተገለጸ በኋላም ፎክስ ኒውስ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሮ እስኪጠይቀው ድረስ ተጠርጣሪው የሞሮኮ ተወላጅ ነው የሚለውን የትዊተር መልእክቱን አላነሳም።

የእንግሊዟ ከተማ የሳውዝፖርቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች በስለት ተገደሉ። ተጠርጣሪው 17 ዓመቱ ስለነበር ስሙን ማውጣት አልተቻለም፤ ያ ክፍት ቦታ በሰዓታት ውስጥ በፈጠራ የአረብ ስምና «ባለፈው ዓመት በጀልባ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ» በሚል በሬ ወለደ ተሞላ። ፖሊስ ካርዲፍ የተወለደ ነው ብሎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በማግስቱ ማታ የከተማዋ መስጊድ በድንጋይ ተደበደበ፤ ኦገስት 4 ሮዘራም ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያረፉበት ሆቴል ላይ እሳት ተለኮሰ። ዳኛው ስሙ እንዲወጣ የፈቀዱት ኦገስት 1 ነው፤ ወላጆቹ ከሩዋንዳ የመጡ ናቸው። ከወራት በኋላ የአልቃይዳ የሥልጠና ጽሑፍ እንደተገኘበት ሲነገር «ብለን ነበር» ያሉ አሉ። ያሉት ግን ይህን አልነበረም፤ ያሉት ስሙም ታሪኩም የፈጠራ የሆነ ስደተኛ ነው።

ወንጀለኛው ሙስሊም ሲሆን የሚኖረው የሽፋን ብዛትም ሌላ ነገር ነው። ከ2006 እስከ 2015 በአሜሪካ የደረሱ ጥቃቶችን የመረመረና በ2019 የታተመ ጥናት፣ የሟቾች ቁጥርና ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ገብተው እንኳ ሙስሊሞች የፈጸሟቸው ጥቃቶች በአማካይ 357 በመቶ የበለጠ ሽፋን ማግኘታቸውን አሳይቷል። አንባቢ በሐሳቡ የሚይዘው ቁጥር የሚበላሸው እንዲህ ነው።

አንድ ርዕስ እንበትን

ኖቬምበር 23 ቀን 2015 ዘ ሰን ከአምስት የብሪታንያ ሙስሊሞች አንዱ ለጂሃዲስቶች ያዝናል የሚል ርዕስ አወጣ። የፓሪሱ ጥቃት ካለፈ ገና አሥር ቀኑ ነበር። ቁጥሩ ከእውነተኛ መጠይቅ የመጣ ነው፤ 1,000 ያህል ሰዎች በስልክ ተጠይቀዋል፣ የተመረጡትም የአባት ስማቸው የሙስሊም እየመሰለ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ጥያቄው ራሱ ነው። የተጠየቁት ሶሪያ ሄደው ተዋጊዎችን ለሚቀላቀሉ ወጣቶች ያዝኑ እንደሆነ ነው። አይሲስ የሚል ስም የለም፤ ጂሃዲስትም አይልም። ሶሪያ ውስጥ ያኔ ከአሳድ ጋር የሚዋጋም፣ ከአይሲስ ጋር የሚዋጋም ነበር። ቀጥሎ መልሱ፦ «በጣም አዝናለሁ» ያሉት 5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ የቀሩት «በመጠኑ» ያሉ ናቸው፤ ርዕሱ ደምሮ አንድ አደረጋቸው። «ማዘን» ራሱ ድጋፍ ነው ወይስ የጠፋ ልጅን እያሰቡ ማዘን? መጠይቁ አይለይም። መጨረሻ ማነጻጸሪያው፦ ያው መጠይቅ አካሂያጅ ድርጅት በዚያው ዓመት በማርች ሙስሊም ያልሆኑትን ሲጠይቅ 14 በመቶ የሚሆኑት ተመሳሳይ መልስ ሰጥተው ነበር፤ የሙስሊሞቹም ያኔ 28 በመቶ ነበር። ስለዚህ በዚያው መረጃ «ቀነሰ» የሚል ርዕስ መጻፍ ይቻል ነበር። ከ3,000 በላይ አቤቱታ የቀረበለት የፕሬስ ተቆጣጣሪው አይፕሶ በማርች 2016 ርዕሱ በጉልህ አሳሳች መሆኑን ወሰነ። ርዕሱ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል።

የሕዝብ ቁጥሩም እንዲሁ ይበተናል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2016 የአውሮፓን ሙስሊሞች 4.9 በመቶ አድርጎ ገምቷል። ለ2050 ሦስት ግምት አስቀምጧል፦ ስደት ሙሉ በሙሉ ቢቆም 7.4፣ በመካከለኛ ፍሰት 11.2፣ የ2014-2016ቱ የስደተኞች ማዕበል ያለማቋረጥ ቢቀጥል 14 በመቶ። በየትኛውም ስሌት አብላጫ አይሆኑም። በዚያው 2016 ኢፕሶስ የተባለው መጠይቅ አካሂያጅ ድርጅት ፈረንሳውያንን ሲጠይቅ፣ በአገራቸው ከመቶ 31 ሙስሊም ነው ብለው ገመቱ፤ እውነተኛው 7.5 ነበር። «ተተካን» የሚለው ጩኸት የሚያድገው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

የፖለቲከኛ ቃል

በፌብሩዋሪ 2009 የኖርዌይ ፖሊሶች ሂጃብ ይልበሱ አይልበሱ የሚል ክርክር ተነስቶ መንግሥት ፈቅዶ ወዲያው ሲያፈገፍግ፣ የቀኝ ዘመሙ ፕሮግረስ ፓርቲ መሪ ሲቭ የንሰን አገሪቱ ውስጥ እስላማዊነት «ተደብቆ እየገባ» ነው አሉ። ስለ ደንብ ልብስ መከራከር ተገቢ ነው፤ ዳኛና ፖሊስ የሃይማኖት ምልክት አይልበስ የሚሉ ብዙ ቅን ሰዎች አሉ። «ተደብቆ» የሚለው ግን ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። የሐላል ምግብ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል፤ ምንም ጥያቄ አለመኖሩም «እየተደበቁ ነው» ያሰኛል። ገዳዩ ቀደም ሲል የዚህ ፓርቲ አባል ነበር፤ አይረባም ብሎ ወጥቷል። ፓርቲውን ለግድያው ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ነው። ቃሉን መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማርች 2018 የዚሁ ፓርቲ አባል የነበሩት የፍትሕ ሚኒስትሯ ሲልቪ ሊስቶግ የታጠቁ የአልሸባብ ሰዎችን ፎቶ ለጥፈው፣ ሌበር ፓርቲ ከአገር ደኅንነት ይልቅ የአሸባሪዎችን መብት ያስቀድማል ብለው ፌስቡክ ላይ ጻፉ። ጉዳዩ ያለ ፍርድ ቤት ዜግነት ስለ መንጠቅ የቀረበ ረቂቅ ሕግ ነበር። ልጆቹን ኡቶያ ላይ የቀበረ ፓርቲ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይከብድም። ፓርላማው የእምነት ማጣት ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ ማርች 20 ሥልጣን ለቀቁ።

ቃል ይገድላል ወይ?

ብቻውን አይገድልም። እነዚህን ትረካዎች ከሚሰሙት ሚሊዮኖች እጅግ ጥቂቶች ናቸው የሚገድሉት። ጁን 19 ቀን 2017 ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ መስጊድ አጠገብ ከተራዊሕ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) የሚወጡ ሰዎችን በመኪና ገጭቶ አንድ ሰው የገደለው ሰው መንገድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። የፍቅር ጓደኛው የነበረችው ሴት ለፍርድ ቤት በቀረበው ቃሏ እንደተናገረችው፣ የተለወጠው ቀደም ሲል በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ የተፈጸመ የሕፃናት ወሲብ ጥቃትን የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማ በሜይ 2017 ካየ በኋላ ነው። ድራማው የተመሠረተው በእውነተኛ ወንጀል ላይ ነው። ቁጣው ግን ወደ ኢንተርኔት ወሰደው፤ እዚያ የተቀበሉት ሰዎች ለቁጣው ሌላ አድራሻ ሰጡት፦ ሙስሊሞች ሁሉ። ከድራማው እስከ ግድያው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ቢያንስ 43 ዓመት የሚታሰርበት የዕድሜ ልክ ቅጣት ተፈረደበት።

ጥቃት ጥቃትን መውለዱም የታወቀ ነው። የክራይስትቸርቹን ገዳይ አርአያ ያደረገ ወጣት ኦገስት 10 ቀን 2019፣ በዒድ ዋዜማ፣ ኦስሎ አጠገብ ቤሩም የሚገኝ መስጊድ ገብቶ ተኮሰ፤ አንድ የ65 ዓመት ጡረተኛ ፓኪስታናዊ ጥለው ያዙት። ወጣቱ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ከቻይና በጉዲፈቻ የመጣች የ17 ዓመት የእንጀራ እኅቱን ገድሎ ነበር። «ነገሩ የሙስሊሞች ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚሉ ሐበሾች ደግሞ ጁላይ 22 ቀን 2019 ጀርመን ቬችተርስባኽ የሆነውን ያስታውሱ። በኡቶያ 8ኛ ዓመት ቀን አንድ የ26 ዓመት ኤርትራዊ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ፤ በቀዶ ሕክምና ተረፈ። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው የተመረጠው በቆዳው ቀለም ብቻ ነው። ተኳሹ ክርስቲያን ነህ ወይስ ሙስሊም ብሎ አልጠየቀም።

መተቸትና ማጥቃት

እስልምናን እንደ ማንኛውም ሃይማኖት መተቸት፣ መከራከር፣ ትቶ መውጣት መብት ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ የጥላቻ ስም መጥራት ክርክሩን ያበላሻል። የኖርዌይ ሕግ ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጣል። የስድበ መለኮት አንቀጽ በ2015 ተሽሯል፤ ሰዎችን በሃይማኖታቸው ወይም በቀለማቸው ምክንያት በአደባባይ ማዋረድንና ጥላቻ መቀስቀስን የሚቀጣው አንቀጽ 185 ግን አለ። ከለላው ለሰው እንጂ ለትምህርቱ አይደለም።

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሥራው ቀላል ነው። ተጠርጣሪ ከተጠራ፣ ስሙን ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ተናግሮ እንደሆነ ይታያል፤ ካልተናገረ አይተላለፍም። መጠይቅ ከተጠቀሰ የጥያቄው ሙሉ ቃል ይፈለጋል። ቪዲዮ ከሆነ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ ይጣራል፤ የቆየ ረብሻ እንደ አዲስ መምጣቱ የተለመደ ነው። የግድያ ቪዲዮ ደግሞ «እዩ ጉዳቸውን» ለማለት እንኳ አይላክም። የክራይስትቸርቹን ስርጭት በቀጥታ ያዩት ከ200 ያነሱ ነበሩ፤ ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያነሳቸው ቅጂዎች ግን 1.5 ሚሊዮን ናቸው። ያባዙት ሁሉ የገዳዩ ደጋፊዎች አይደሉም። ዛቻ ያለበትን ጽሑፍ ለፖሊስ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ከነቀኑና ከነአድራሻው ስክሪንሾት ይዞ ያስቀምጣል፣ አያስተላልፍም። የተሳሳተ ነገር አስተላልፎ የተገኘም ዝም ብሎ ባያጠፋው ይሻላል፤ ያነበበው ሰው ማጥፋቱን አያይም። እርማቱን እዚያው ቡድን ውስጥ፣ የመጀመሪያውን መልእክት ጠቅሶ፣ የትኛው ነጥብ ውሸት እንደነበር ለይቶ ይጻፍ።